ኦንታሪዮ ውስጥ ሬዚደንሲ ለምትጀምሩ፦ የኤቪፒን ሳምንታት እንዴት ማለፍ ይቻላል

በየዓመቱ የካርምስ (የሬዚደንሲ፣ ማለትም ከሕክምና ትምህርት በኋላ ያለውን የሐኪሞች ሥልጠና ቦታ የሚደለድለው አካል) ውጤት በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። "እንኳን ደስ ያለህ" ብዬ ሳልጨርስ ጥያቄው ይከተላል፦ "ኤቪፒ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ፈተና አለው? ይጥላሉ እንዴ?" ለአንዱ መልሼ ሌላው ሲደውል ያንኑ ከመድገም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ።

ከካናዳና ከአሜሪካ ውጭ ሕክምና ተምራችሁ ኦንታሪዮ ውስጥ የሬዚደንሲ ቦታ ካገኛችሁ፣ ቦታው ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው በክትትል ሥር የሚደረግ ምዘና ካለፋችሁ በኋላ ነው። ኤቪፒ ማለት ይህ ምዘና ነው። ከ4 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ለፈተና መቀመጥ የለበትም፤ ያንን በመጀመሪያው የካናዳ የሕክምና ምክር ቤት ፈተናና በናክ (በተግባር በሚሰጠው የክህሎት ፈተና) ጨርሳችኋል። እዚህ በሽተኛ ታያላችሁ፣ ኃላፊ ሐኪሞች ደግሞ እናንተን ያያሉ። በቪዛ ለፌሎውሺፕ (ከስፔሻሊቲ በኋላ ላለው ተጨማሪ ሥልጠና) የምትመጡ የምታልፉበት ምዘና ፒፕ ይባላል፤ ከታች ያለው አብዛኛው ለእናንተም ይሠራል።

በመጨረሻ የሚመለሱት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ሐኪሙ በአእምሮው ለሙያው ብቁ ነው? በጨዋነት፣ በሐቀኝነትና በሕግ ይሠራል? ለደረጃው የሚበቃ እውቀት፣ ክህሎትና የማመዛዘን ችሎታ አለው? በደንብ ይግባባል፣ የሙያ ሥነ ምግባሩስ እንዴት ነው? እውቀትን የሚጠይቀው ከአራቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የሚመዝናችሁ ሐኪም በልቡ የሚያብሰለስለው "ለዚህ ሰው በሽተኛዬን ትቼ ቤቴ ሄጄ ልተኛ እችላለሁ ወይ?" የሚለውን ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማዘጋጃ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ሕክምና ቢሮ የመጣው የቅጥር ደብዳቤና ከኮሌጁ የተሰጠው የኤቪፒ ፈቃድ (ኮሌጅ ስል ትምህርት ቤት አይደለም፤ የኦንታሪዮ የሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ማለትም ፈቃድ ሰጪው አካል ነው)
- የሲኤምፒኤ (የካናዳ ሐኪሞች የሕግ ጥበቃ ማኅበር) አባልነት ማረጋገጫ፣ ይህም የሙያ ጥበቃችሁ ነው
- የክትባት ካርድና የደም ምርመራ ውጤቶች፣ የቲቢ ምርመራ መዝገብ
- የኤን95 ማስክ ልክ መለኪያ ካርድ
- የቢኤልኤስና የኤሲኤልኤስ (የመሠረታዊና የከፍተኛ የልብ ድንገተኛ እርዳታ) ሰርተፍኬት፣ ፕሮግራማችሁ ከጠየቀ
- የፖሊስ ማረጋገጫ
- ስቴቶስኮፕ፣ በኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ
- የምዘና ቅጹ ባዶ ኮፒ። ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ እናንተ ጠይቁ

1. ደብዳቤያችሁንና ፈቃዳችሁን ቃል በቃል አንብቡ

የኤቪፒ ፈቃድ ከተራ የሬዚደንት ፈቃድ የጠበበ ነው። የት ሆስፒታል፣ በማን ክትትል ሥር፣ እስከ መቼ እንደምትሠሩ ተወስኗል። የሚፈቅድላችሁ ለምዘናው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ከፕሮግራሙ ውጭ ተጨማሪ ሥራ መያዝ አይቻልም። ምዘናው ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ አጋማሽ ላይ ግምገማ መኖር አለመኖሩን፣ ባይሳካ ምን እንደሚከተል ከጓደኛ አትስሙ፤ ከራሳችሁ ደብዳቤ ላይ አስምሩበት። ያልገባችሁን ለፕሮግራሙ ጸሐፊ በኢሜይል ጠይቁ። በኢሜይል የምለው የጽሑፍ መልስ እጃችሁ ላይ እንዲቀር ነው።

2. የጤና ወረቀቱን ቀድማችሁ ጀምሩ

ሬዚደንሲ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው። ሰው የሚዘገየው በፈቃድ ወረቀቱ ምክንያት ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ወገኖቻችንን የሚያስቀረው የቲቢ ምርመራ ነው። ሁለት ዙር የቆዳ ምርመራ ይጠየቃል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል። እያንዳንዱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይነበባል። ያው አራት ምልልስ ነው።

"ልጅ ሆኜ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ወስጃለሁ" ማለት ከምርመራው አያስቀርም። ቆዳችሁ ካበጠ የደረት ራጅ ይታዘዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋርድ የሠራ ሰው ፖዘቲቭ ቢሆን የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ራጁን አንሥታችሁ መዝገቡን ያዙ። ቀድሞ ፖዘቲቭ የወጣበት ማስረጃ ካላችሁ ድጋሚ አትወጉ፤ ወረቀቱን አቅርቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የኩፍኝን ክትባት የመሰለ ሕያው ክትባት ከወሰዳችሁ የቲቢ የቆዳ ምርመራው በዚያው ቀን ካልተደረገ 4 ሳምንት መቆየት አለበት። አለዚያ ውጤቱ በሐሰት ነጌቲቭ ሊወጣ ስለሚችል አይቀበሉትም። ስለዚህ መጀመሪያ የቲቢውን ምርመራ አስነብቡ፣ ከዚያ ክትባቱን ውሰዱ።

የኤን95 ልክ መለኪያ ላይ ጺም መላጨት ይጠየቃል፤ ማስኩ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ አየር ያሾልካል። በእምነት ምክንያት ጺም የማትላጩ ከሆነ አማራጭ መሣሪያ እንዳለ የሠራተኞች ጤና ክፍሉን ቀድማችሁ ጠይቁ። መለኪያው በየ2 ዓመቱ ይታደሳል።

3. ቁጥሩንና የመድኃኒቱን ስም አስቀድማችሁ ለውጡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። እዚህ ላብራቶሪው የሚጠቀምበት መለኪያ እኛ ከለመድነው ይለያል። በመጀመሪያው ሳምንቴ ሌሊት ነርሷ ደውላ "ግሉኮሱ 3.1 ነው" አለችኝ። በ18 አባዝቼ ወደ 56 እስክለውጠው ድረስ ዝም አልኩ። ግሉኮስ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እሷ ግን የሰማችው ዝምታዬን ነው። በማግስቱ አለቃዬ "ትናንት ተደናግጠህ ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እነዚህን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አጥኑ፦

- ግሉኮስ፦ በሚሊግራም የምታውቁትን ለ18 አካፍሉ። 180 የነበረው 10 ይሆናል።
- ክሬያቲኒን፦ በ88.4 አባዙ። 1 የነበረው ወደ 88፣ 2 የነበረው ወደ 177።
- ሄሞግሎቢን፦ በ10 አባዙ። 12 የነበረው 120 ነው፤ 70 ሲሏችሁ 7 ማለታቸው ነው።
- ቢሊሩቢን፦ በ17.1 አባዙ።
- ካልሲየም፦ ለ4 አካፍሉ። 10 የነበረው 2.5።
- ሶዲየምና ፖታሲየም አይለወጡም።

መድኃኒት ላይ ፓራሲታሞል አሲታሚኖፌን፣ አድሬናሊን ኤፒነፍሪን፣ ፔቲዲን ሜፐሪዲን ይባላል። ከስሙ የበለጠ የሚያስጠይቀው ግን አጻጻፉ ነው። እኛ "በቀን አንዴ" ለማለት በሁለት የላቲን ፊደል "ኦዲ" ብለን እንጽፍ ነበር። እዚህ ያ ምልክት "ቀኝ ዓይን" ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል ከተከለከሉት አጽሕሮቶች አንዱ ነው። ኢንሱሊን ስታዙ "ዩኒት" የሚለውን ሙሉውን ጻፉ፤ የመጀመሪያዋ የላቲን ፊደል ብቻዋን ስትቀመጥ ዜሮ ትመስላለችና 4 ያላችሁት 40 ሊሆን ይችላል። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አትጨምሩ፤ ከነጥብ በፊት ግን ዜሮ አትርሱ። ፋርማሲስቱ ለዚህ ቢደውልላችሁ አትቆጡ። ሥራው ነው፤ ስለ እናንተም አስተያየት ይጠየቃል።

የቤተሰብ ሕክምና የምትጀምሩ ደግሞ የቅድመ ምርመራውን መርሐ ግብር ያዙ። የአንጀት ካንሰር የሰገራ ምርመራ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላሉ በየ2 ዓመቱ ነው። የማኅፀን በር ምርመራው ከማርች 2025 ጀምሮ በኤችፒቪ (ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ በመፈለግ) ሆኗል፣ ከ25 ዓመት ይጀምራል፣ ውጤቱ ነጌቲቭ ለሆነች ለአብዛኛዋ ሴት በየ5 ዓመቱ ነው። አገር ቤት የታመመ እንጂ ያልታመመ ሰው ስለማይመጣብን ሁላችንም የምንንገዳገደው እዚህ ላይ ነው።

4. በመጀመሪያው ቀን ከኃላፊያችሁ ጋር 10 ደቂቃ ተቀመጡ

እስኪጠሩ መጠበቅ ጨዋነት ይመስለናል። እዚህ ግን "ፍላጎት የለውም" ተብሎ ይተረጎማል። ራሳችሁ ቀጠሮ ጠይቁና እነዚህን አንሡ፦

- ትእዛዝ ስጽፍ ከመፈጸሙ በፊት የማን ፊርማ ያስፈልጋል?
- ለየትኛው ነገር በማንኛውም ሰዓት እንድደውልልህ ትፈልጋለህ?
- ዲዩቲ ስገባ ሆስፒታሉ ውስጥ ከእኔ በላይ ማን ይኖራል?
- ቅጹን የሚሞላው ማን ነው? መቼስ ይሞላል?
- አገሬ ሳለሁ ያልሠራሁት ይህ ይህ ነው፤ የት ልለማመድ?

የመጨረሻውን ለመናገር ምላስ ይተሳሰራል። ቢሆንም ተናገሩት። በመጀመሪያው ቀን የተናገሩት ክፍተት የመማሪያ ዕቅድ ይሆናል፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሱ የተገኘ ክፍተት ግን ድብቅነት ይባላል።

ስለ አጠራር፦ አለቃችሁ "በስሜ ጥራኝ" ካለ ጥሩት። እስኪል ድረስ "ዶክተር" በሉ። በሽተኛ ፊት ሁልጊዜ "ዶክተር" ይሻላል።

5. ኬዝ ስታቀርቡ መደምደሚያውን አታስቀሩ

ሞርኒንግ ሴሽን (ጠዋት ጠዋት ኬዝ የሚቀርብበት ስብሰባ) ላይ ያደግን ሰዎች ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ተርከን ፍርዱን ለሲኒየሩ እንተዋለን። እዚህ የሚፈለገው የእናንተ ፍርድ ነው። በሦስት ደቂቃ እንዲህ አቅርቡ፦ ማን ነው፣ ለምን መጣ፣ ቁልፍ የሆነው ግኝት፣ "እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው፣ ምክንያቴም ይህ"፣ "እንዳያመልጠኝ የምፈራው ይህን"፣ "ላደርግ ያሰብኩት ይህን"። ተሳስታችሁ ቢገኝ እንኳ አስተሳሰባችሁ ስለታየ ሊታረም ይችላል። ዝም ያለ ሰው የሚታረም ነገር ስለማያሳይ ቅጹ ላይ "እውቀቱን ለመገመት አስቸጋሪ" ተብሎ ይጻፋል። ይህችን ዐረፍተ ነገር በጎበዝ ሰው ቅጽ ላይ አይቻታለሁ።

ያላያችሁትን "አይቻለሁ" አትበሉ። "ሆዱን አልዳሰስኩም፣ አሁን ሄጄ አያለሁ" ማለት የ5 ደቂቃ እፍረት ነው። ያልተዳሰሰን ሆድ "ለስላሳ ነው" ብሎ መጻፍ ግን ከአራቱ ጥያቄዎች ሁለተኛውን ይነካል፤ እሱ ደግሞ በትምህርት የሚካካስ አይደለም።

6. የምትደውሉበትን መስመር አስቀድማችሁ አስምሩ

በእኔ ግምት የኤቪፒ እምብርቱ ይህ ነው። አገር ቤት ሌሊት ኮንሰልታንት የሚቀሰቅስ ኢንተርን ጠዋት ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን። እዚህ የሚያስጠይቀው አለመደወል ነው። ኃላፊያችሁ ሌላ ካላላችሁ በእነዚህ ደውሉ፦

- የበሽተኛው የደም ግፊት፣ ትንፋሽ ወይም ንቃት ሲለወጥ
- አዲስ በሽተኛ ስትቀበሉ ወይም ወደ ቤት ልትልኩ ስታስቡ
- ነርሷ "ደስ አላለኝም" ስትል፣ ቁጥሩ ሁሉ ደህና ቢሆንም
- በሽተኛው ሕክምና እምቢ ሲል ወይም ፈርሞ ልውጣ ሲል
- ስሕተት ስትሠሩ፣ ትንሽ ብትመስልም
- በሽተኛው በሐኪም እርዳታ ስለመሞት ሲጠይቅ። ይህ በካናዳ ከ2016 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ እምነታችሁ የፈለገውን ቢሆን በሽተኛውን አትገሥጹ፣ ጥያቄውን በዚያው ቀን ለኃላፊያችሁ አድርሱ

ስትደውሉ "ይቅርታ ስላስቸገርኩ" ብላችሁ አንድ ደቂቃ አትፍጁ። አሁን ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ እናንተ ምን እንደምታስቡ፣ ምን እንደምትፈልጉ በአራት ዐረፍተ ነገር ጨርሱ። ስልኩን ስትዘጉ ሰዓቱንና የተባለውን ቻርት ላይ አስፍሩ፤ ያልተጻፈ ጥሪ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

አንድ ልዩ ነገር አለ። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ ተጎድቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለሕፃናት ጥበቃ ድርጅት የማሳወቅ ግዴታው የራሳችሁ ነው። "ለሲኒየሬ ነግሬያለሁ" ማለት ከሕጉ አያድንም። ለኃላፊያችሁ ንገሩ፣ ስልኩን ግን ራሳችሁ ደውሉ።

7. መጀመሪያ ለበሽተኛው ንገሩ

ልጆቹ በኮሪደር ይዘዋችሁ "እባክህ ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን አትንገራት፣ ትደነግጣለች" ይሏችኋል። ልመናው ከፍቅር ነው፤ ሁላችንም ቤት የተደረገ ነው። በኦንታሪዮ ሕግ ግን ፈቃድ የሚሰጠውም መረጃው የሚነገረውም በሽተኛው ራሱ ነው፣ የመወሰን አቅም እስካለው ድረስ። አቅም እንዳለው ይገመታል፤ የለውም የምትሉ ከሆነ ለዚያ ለተወሰነ ሕክምና መርምራችሁ ምክንያቱን ትጽፋላችሁ። ተተኪ ወሳኝ፣ ማለትም በእሱ ፋንታ የሚወስን ሰው፣ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

መውጫው በሽተኛዋን ራሷን መጠየቅ ነው፦ "ውጤቱን ለእርስዎ ልንገርዎት ወይስ ልጅዎ እንዲሰማልዎት ይፈልጋሉ?" ለልጇ ይነገር ካለች ምርጫዋ ነው፤ ያንኑ ጻፉ። ቋንቋ ካልተግባባችሁ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጥሩ እንጂ የልጅ ልጇን አታስተርጉሙ።

አማርኛ ተናጋሪ በሽተኛ ሲመጣ ቡድኑ ሁሉ ወደ እናንተ ይዞራል፤ ደስ ይላል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። እማማ "ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዋጥኩ" ካሉ ቻርቱ ላይ የሚጻፈው በዚህ አገር አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት ነው። "በ2010 ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል" ካሉም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። የስድስት ሰዓት ስሕተት የኢንሱሊን መጠን ያዛባል።

8. አስተያየቱን በየሳምንቱ በጽሑፍ ሰብስቡ

ሐኪሞቹ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ካልጠየቃችሁ የሚያስታውሱት የመጨረሻውን ቀን ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ "አንድ የምቀጥልበት፣ አንድ የማሻሽለው ንገረኝ" በሉ። "እንዴት ነኝ?" ካላችሁ "ጥሩ ነህ" ይሏችኋል። የካናዳ ሰው "ትንሽ ብታስብበት" ሲላችሁ "አሻሽል" ማለቱ ነው፤ ለስላሳውን ቃል እንደ ምስጋና አትቀበሉት። የተባላችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያሻሻላችሁትን ራሳችሁ አሳዩት። ፕሮግራማችሁ የሚጠቀምበትን ኤሌክትሮኒክ ቅጽ በዚያው ቀን ላኩ፤ ሁለት ሳምንት የቆየ ጥያቄ ሳይሞላ ይቀራል።

አጋማሽ ላይ "ስጋት አለን" ከተባላችሁ ከማልቀሳችሁም ከመከራከራችሁም በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ስጋቱ በየትኛው ኬዝ ላይ እንደታየ በጽሑፍ ጠይቁ። ከፕሮግራም ዳይሬክተሩ ጋር በቀን የተወሰነ ዕቅድ አውጡ። ለኦንታሪዮ ሬዚደንቶች ማኅበር፣ ለፓሮ፣ ደውሉ፤ ውላችሁን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደብቆ መቆዘም የእኛ ሰው ልማድ ነው፣ እዚህ ግን ሳምንታቱን ይበላል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

የዘመድን ቻርት መክፈት። አክስታችሁ እዚያው ሆስፒታል ብትተኛ እንኳ የእናንተ በሽተኛ እስካልሆነች ድረስ ኮምፒውተሩ ላይ ስሟን አትጻፉ። ማን መቼ እንደከፈተ ይመዘገባል፣ ይመረመራል።

ለወዳጅ መድኃኒት ማዘዝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ "ያቺን የግፊት ኪኒን ጻፍልኝ" የሚል አይጠፋም። ፈቃዳችሁ ከምዘናው ውጭ አይሠራም። "ገና ፈቃዴ አልተፈታም" በሉ፤ እውነትም ነው፣ ማንም አይቀየምም።

የትናንቱን ማስታወሻ ገልብጦ መለጠፍ። ካቴተሩ ወጥቶ ሦስት ቀን ሆኖት "ካቴተር አለው" የሚል ኖት ፊርማችሁን ይዞ ይቀራል።

ዲዩቲን ያለ ልክ መቀበል። በፓሮ ውል መሠረት ሆስፒታል ውስጥ የሚታደርበት ዲዩቲ በ28 ቀን ከ7 አይበልጥም። ታታሪነታችሁን ለማሳየት ከዚያ በላይ ብትወስዱ ደክሟችሁ የሠራችሁት ስሕተት ነው የሚመዘገበው።

ነርስን እንደ ታዛዥ ማየት። ይህ ላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

9. በመጨረሻው ሳምንት

የማጠቃለያ ቅጹ ከመላኩ በፊት አንብባችሁ ፈርሙ፣ ኮፒ ያዙ። ቅጹ በዩኒቨርሲቲው ቢሮ በኩል ያልፋል፤ ኮሌጁም ቀጣዩን የሬዚደንት ፈቃድ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። "አልፈሃል" ብሎ አለቃችሁ ጨብጧችሁ ቢሆንም አዲሱ ፈቃድ በኮሌጁ መዝገብ ላይ ስማችሁ ጋር እስኪታይ ድረስ በአሮጌው ገደብ ሥሩ። መካከል ላይ የቀን ክፍተት ከተፈጠረ ለዚያ ቀን ፈቃድ የላችሁም ማለት ስለሆነ፣ የኤቪፒው ፈቃድ ከሚያበቃበት ቀን አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ለቢሮው ኢሜይል ላኩ፣ መልስ ካልመጣ በስልክ ተከታተሉ።